አይሲ ጀርባ ላይ የተጻፈው ምን ይላል?

የተበላሸ የሶላር መብራት ክፈቱ። ውስጡ ባትሪ፣ ሁለት ሦስት ሽቦ፣ ትንሽ አረንጓዴ ቦርድ፣ ቦርዱ ላይ ደግሞ ባለስምንት እግር ጥቁር አይሲ ታገኛላችሁ። ጀርባውን ወደ ብርሃን አዘንበል አድርጋችሁ ብታዩት ሁለት ወይም ሦስት መስመር ጽሑፍ አለበት፦ ጥቂት የላቲን ፊደል፣ ጥቂት ቁጥር፣ አንዳንዴም አንዲት ሚጢጢ ሥዕል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ስልኩን ያወጣና ያየውን ሁሉ እንዳለ ጎግል ላይ ይጽፈዋል። የማይገናኝ ነገር ሲመጣበት «ተወው፣ የቻይና ነው፣ ይሄ አይታወቅም» ይላል።

ይታወቃል እንጂ! ችግሩ ሁሉንም መስመር እንደ ስም መቁጠሩ ነው። የኢትዮጵያና የኬንያ ድንበር ላይ ባለችው ሞያሌ ያደገ ሰው ታርጋ እንዴት እንደሚያነብ አስቡ። በ«ኬ» የጀመረው የኬንያ ነው፤ «አአ» ወይም «ኦሮ» ያለበት የኢትዮጵያ ነው፤ ኮድ 3 የንግድ፣ ኮድ 4 የመንግሥት መኪና ነው። ረጅሙን ቁጥር ሳያነብ መኪናው ከየት እንደመጣና ለምን ሥራ እንደሆነ አውቆታል። የአይሲ ጽሑፍም እንደዚያው የተከፋፈለ ነው። አንዱ ክፍል ማን እንደሠራው፣ አንዱ ምን እንደሚሠራ፣ አንዱ ምን ቅርጽ እንዳለው፣ አንዱ መቼ እንደተሠራ ይናገራል። ታርጋ እንደሚቀየረው ሁሉ ይህም ጽሑፍ ሊቀየር ይችላል። ስለዚህ ሥራችን ሁለት ነው፦ ጽሑፉን ከፋፍሎ ማንበብ፣ ከዚያ ያነበብነውን በቦርዱ ማረጋገጥ።

የምንፈልገው ዳታሺቱን ነው። ዳታሺት ፋብሪካው ለእያንዳንዱ አይሲ የሚያወጣው መግለጫ ነው፤ የእያንዳንዱ እግር ሥራ፣ የሚችለው ቮልቴጅ፣ የአገናኙ ሥዕል ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ። እሱ እጃችሁ ከገባ የማይታወቀው አይሲ ታወቀ ማለት ነው። ከዚህ በኋላ የላቲን ፊደሎቹን በአፋችን እንደምንጠራቸው እጽፋቸዋለሁ።

ሞያሌ ላይ ስህተት ለምን ውድ ይሆናል?

ይህ እውቀት የትም ቢሆን ደስ ይላል፤ ሞያሌ ላይ ግን ገንዘብ ነው። ከተማዋ ከአዲስ አበባም ከናይሮቢም ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። በኬንያ በኩል ያለ ጠጋኝ ዕቃ ሲፈልግ ናይሮቢ ሉቱሊ አቬኑ ላለ ሱቅ ይደውላል፤ በኢትዮጵያ በኩል ያለው ወደ መርካቶ። አስፋልቱ ከኢሲዮሎ በማርሳቢት አድርጎ ሞያሌ ደርሷል፤ በኅዳር 2013 ዓ.ም. ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድና ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ የጋራውን የድንበር ኬላ መርቀዋል። መንገዱ ቀሏል። ይሁንና የተሳሳተ አይሲ ያዘዘ ሰው አሁንም ጭነቱን ሁለቴ ይከፍላል፣ ደንበኛውም ነገ ና፣ ከነገ ወዲያ ና ሲባል ይከርማል።

ዕቃው ራሱ ከሁለት አገር የመጣ ነው። የኬንያ ሶኬት ሦስት ጠፍጣፋ እግር ይፈልጋል፣ መደበኛ ቮልቴጁም 240 ነው፤ የኢትዮጵያው ሁለት ድቡልቡል እግር ነው፣ 220 ቮልት። የኬንያዋ ሞያሌ ግን ለዓመታት መብራት ያገኘችው ከኢትዮጵያ መስመር ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣና ኃይል ሲዋዥቅ መጀመሪያ የሚቃጠለው የፓወር ክፍል ነው፤ ከመስመሩ ራቅ ያለው ደግሞ በሶላር ይኖራል። እዚህ ቁም ነገሩ የተቃጠለውን አይሲ ለይቶ በስሙ መጥራት ነው።

በመጀመሪያ ማየት

ዛሬ የሚሠሩ አብዛኞቹ አይሲዎች ላይ ያለው ጽሑፍ ቀለም አይደለም፤ በሌዘር የተጫረ ነው። ጭረቱ ከፕላስቲኩ ጋር ስለሚመሳሰል ብርሃን በቀጥታ ከላይ ሲመታው ይጠፋል። የእጅ ባትሪውን ወደ ጎን ዝቅ አድርጋችሁ አብሩበት። ጥጥ አልኮል ነክራችሁ የብየዳውን ቅሪት ጥረጉ። አሁንም ካልታየ ነጭ ጠመኔ ቀባ አድርጉበትና በጣታችሁ ጥረጉት፤ ዱቄቱ ጭረቱ ውስጥ ይቀርና ፊደሉ ነጭ ሆኖ ብቅ ይላል። ከዚያ በስልክ ካሜራ አንስታችሁ አጉሉት።

ዜሮና ኦ፣ 8 እና ቢ፣ 5 እና ኤስ፣ 1 እና አይ በዚህ መጠን ሲጻፉ አንድ ናቸው። አጠራጣሪውን ፊደል በሁለቱም መንገድ ፈልጉት። አይሲው አንድ ጥግ ላይ ያለችውን ነጥብ ወይም አፉ ላይ ያለችውን ግማሽ ክብ ጎድጓዳም አትርሱ፤ እግር ቁጥር 1 የት እንዳለ የምትነግረን እሷ ናት። ጎድጓዳዋን ወደ ላይ አድርጋችሁ ስትይዙት እግር 1 በስተግራ ከላይ ነው፤ ቆጠራው በግራ ወደታች ወርዶ በቀኝ ወደ ላይ ይወጣል።

ዓርማው

ትንሿን ሥዕል የሚንቃት ሰው ብዙ ነው፤ እኔ ግን በጣም እወዳታለሁ። የአሜሪካን አንድ ግዛት ካርታ የመሰለ፣ ውስጡ ቲ እና አይ ያለበት ካያችሁ የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ነው፤ ካርታው ራሷ ቴክሳስ ናት። ጎን ለጎን ያዘነበሉ ኤስ እና ቲ የኤስቲ ማይክሮኤሌክትሮኒክስ ናቸው። ወደ ቀኝ የዞረ ሦስት ማዕዘን የአናሎግ ዲቫይስስ ነው። ክብ ውስጥ ያለ፣ ክንፍ የዘረጋ የሚመስል ኤም የሞቶሮላ ነው። ሸርጣን ካያችሁስ? የታይዋኑ ሪልቴክ ነው! የአሮጌ ኮምፒውተር ቦርድ ላይ የኔትወርክ ገመድ የሚሰካበት አጠገብ፣ ወይም የድምፅ መሰኪያው አካባቢ ፈልጉት፤ ብዙ ጊዜ ሸርጣኑ እዚያ ነው።

ዓርማው ያለበት ኩባንያ ግን ዛሬ ላይኖር ይችላል። በዚህ ሙያ ትልቁ ትንሹን ሲውጥ ነው የኖረው። ናሽናል ሴሚኮንዳክተርን ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ እ.ኤ.አ. በ2011 ገዛው። የሞቶሮላ የአይሲ ክፍል በ2004 ፍሪስኬል ተብሎ ወጣ፣ ፍሪስኬልን በ2015 ኤንኤክስፒ ጠቀለለው። ኢንተርናሽናል ሬክቲፋየር በዚያው ዓመት ወደ ኢንፊኒዮን ገባ። ፌርቻይልድን ኦን ሴሚኮንዳክተር፣ አትሜልን ማይክሮቺፕ ሁለቱንም በ2016 ወሰዷቸው። ማክሲም በ2021 የአናሎግ ዲቫይስስ ሆነ። ይህን ማወቅ ጥቅሙ ግልጽ ነው፦ የናሽናል ዓርማ ያለበትን አሮጌ አይሲ ዳታሺት የምታገኙት ዛሬ ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ቤት ነው።

ዓርማ ከሌለ አትጨነቁ። ርካሽ ዕቃ ውስጥ ያሉ ብዙ አይሲዎች ዓርማ የላቸውም። ዓርማ ፍለጋውን ያጠባል እንጂ ያለ እሱ አይሆንም አይባልም።

ስሙ

አሁን ወደ ዋናው መስመር። ጠጋኝ ሁሉ የሚያውቀውን ባለሦስት እግር ሬጉሌተር እንውሰድ፦ ኤልኤም 7805 ሲቲ። ከፊት ያሉት ፊደሎች፣ ኤልኤም፣ ናሽናል ለሬጉሌተርና ለአምፕሊፋየር ዓይነት አይሲዎቹ ይሰጥ የነበረው መነሻ ነው። 78 ቤተሰቡን ይናገራል፤ የተወሰነ ፖዘቲቭ ቮልቴጅ የሚያወጣ ሬጉሌተር ማለት ነው። 05 የሚወጣው ቮልቴጅ ነው፦ 5 ቮልት። መጨረሻ ላይ ያሉት ሲቲ ስለ አካሉ ቅርጽና ስለሚሠራበት ሙቀት ናቸው። አያችሁ፣ ዳታሺት ሳንከፍት ግማሹን አወቅን! እንግዲህ 7812 ብታዩ ስንት ቮልት እንደሆነ ማንም ሊነግራችሁ አይገባም።

ያንኑ ሬጉሌተር ኤስቲ ኤል 7805 ሲቪ ይለዋል። የፊቱ ፊደል ተለወጠ፣ የኋላው ተለወጠ፣ መሐሉ ግን ያው ነው። ታዋቂ አይሲ ሲወጣ ሌሎች ፋብሪካዎች መሐለኛውን ቁጥር ይዘው በራሳቸው መነሻ ይሠሩታል። የሰዓት ቆጣሪው 555ም እንዲሁ ነው። ሃንስ ካመንዚንድ ለሲግኔቲክስ ኩባንያ ነደፈው፣ ኤንኢ 555 ተብሎ ወጣ፣ ዛሬ በብዙ ፋብሪካዎች መነሻ ይሸጣል። እዚያ ላይ ፊደሉም ትርጉም ነበረው፦ ኤንኢ የሚለው ከ0 እስከ 70 ዲግሪ ለሚሠራው ተራ ዕቃ፣ ኤስኢ የሚለው ከዜሮ በታች ከ55 ዲግሪ ጀምሮ እስከ 125 ለሚችለው ነው።

ታዲያ ቁጥሩን ብቻ ይዘን እንሩጥ? እንዳታደርጉት! 79 ከ78 የሚለየው በአንድ አሃዝ ነው፤ 7905 ግን ነጋቲቭ 5 ቮልት ነው፣ የእግሮቹም ቅደም ተከተል ሌላ ነው። 7805 ከፊት ሲታይ ከግራ ወደ ቀኝ መግቢያ፣ ግራውንድ፣ መውጫ ነው፤ 7905 ግራውንድ፣ መግቢያ፣ መውጫ። አንዱን በሌላው ቦታ የተከለ ሰው ጭሱን ያያል።

ወደ ሶላር መብራታችን ስንመለስ ደግሞ የባሰ ወጥመድ አለ። ባለስምንት እግሩ አይሲ ላይ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ቁጥር 4056 ነው። ቲፒ 4056 ከሆነ አንድ የሊትየም ባትሪ እስከ 4.2 ቮልት የሚሞላ የቻርጅ አይሲ ነው። ሲዲ 4056 ከሆነ ግን ከባትሪ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፤ በካልኩሌተር ዓይነት ማሳያ ላይ አሃዝ የሚያሳይ የድሮ አይሲ ነው። ቁጥራቸው አንድ፣ ሥራቸው ሰማይና ምድር! ምን ይለያቸዋል? ከፊት ያሉት ሁለት ፊደሎች፣ እና ሲዲው 16 እግር ያለው መሆኑ። ስለዚህ መነሻ ፊደል፣ ቁጥርና የእግር ብዛት ሦስቱ አብረው ካልሄዱ ስም አልተገኘም በሉ።

የስልክ ቦርድ ላይም ይኸው ነው። ቴክኖና አይቴል ስልክ የሚከፍት ሰው ኤምቲ የሚል መነሻ ያገኛል፤ የታይዋኑ ሚዲያቴክ ነው። ኤስሲ ካለ ደግሞ ስፕሬድትረም ነው፣ ዛሬ ዩኒሶክ የሚባለው። በኤምቲ ቤት ከፊደሉ ቀጥሎ 63 ካለ የስልኩን ኃይል የሚያከፋፍለው ፓወር አይሲ ነው፤ 65 ወይም 67 ካለ ዋናው ፕሮሰሰር ነው። «ስልኬ አይበራም» ላለ ደንበኛ የትኛውን እንደምትለኩ ሁለት አሃዞች ነገሩን።

ልደቱ

ብቻዋን የቆመች ባለአራት አሃዝ ቁጥር ብዙ ጊዜ አይሲው የተሠራበትን ጊዜ ትናገራለች። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች ዓመቱ፣ የመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንቱ ናቸው። 1842 ካለ እ.ኤ.አ. በ2018፣ 42ኛው ሳምንት ላይ ተሠራ ማለት ነው። በእኛ አቆጣጠር ማወቅ ለሚፈልግ ዘዴው ቀላል ነው። እንቁጣጣሽ 37ኛው ሳምንት አካባቢ ይውላል፤ ሳምንቱ ከዚያ በፊት ከሆነ ከዓመቱ 8፣ ከዚያ በኋላ ከሆነ 7 ቀንሱ። ስለዚህ 1842 ጥቅምት 2011 ዓ.ም. ነው፤ 1812 ደግሞ መጋቢት 2010 ዓ.ም.። በዓመት ውስጥ ከ53 የበለጠ ሳምንት ስለሌለ መጨረሻዋ 60 ወይም 88 የሆነች ቁጥር ልደት አይደለችም፤ ሌላ ፈልጉላት።

ከድሮ ዕቃ ጋር የሚሠራ ሰው አንድ ደስ የሚል እንቆቅልሽ ይገጥመዋል። ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ያወጣው የ74 ቤተሰብ አለ፤ 7400 አራት የሎጂክ በር፣ 7404 ስድስት ኢንቨርተር የያዙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1974 የተሠራ አይሲ ላይ ያለው የልደት ቁጥርም በ74 ይጀምራል! አንድ አይሲ ላይ ከላይ 7404፣ ከታች 7400 ተጽፎ ብታዩ የትኛው ስም፣ የትኛው ልደት ነው? አስቡት። ዜሮኛ ሳምንት የሚባል የለም፤ ስለዚህ 7400 ስሙ ነው፣ 7404 ደግሞ የ1974 አራተኛ ሳምንት። ብዙ ጊዜ ግን ከስሙ ፊት ኤስኤን የሚሉት የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ፊደሎች ስላሉ እንዲህ መጨነቅ አያስፈልግም፤ ልደት ላይ እነዚህ ፊደሎች አይገቡም።

ልደቱ ዳታሺት አያስገኝም፤ ግን ውሸት ያጋልጣል። የሞቶሮላ ኤም ያለበት፣ ልደቱ 1520 የሆነ አይሲ ቢቀርብላችሁ ምን ትላላችሁ? ያኔ ሞቶሮላ የአይሲ ሥራውን ከለቀቀ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። ዓርማውና ልደቱ አልተስማሙም፤ አንዱ በኋላ የተጻፈበት ነው።

ባለሦስት እግሮቹ

ትራንዚስተር ላይ ቦታ ስለሚጠብ ስም ይቆረጣል። አሮጌ ሬዲዮ ውስጥ ሲ945 የሚል ካገኛችሁ የጃፓን አሰያየም ነው፤ ሙሉው 2ኤስሲ945 ነው፣ 2ኤስ የምትለዋ መነሻ ለቦታ ተብላ ቀርታለች። በዚህ አሰያየም ኤ እና ቢ ፒኤንፒ፣ ሲ እና ዲ ኤንፒኤን፣ ጄ እና ኬ ፌት ናቸው። አውሮፓውያን ደግሞ ሁለት ፊደል ያስቀድማሉ። ቢሲ547 ላይ ቢ ከሲሊከን መሠራቱን፣ ሲ ለአነስተኛ የድምፅ ሥራ መሆኑን ይናገራል። ቢዩ508 ላይ ዩ ከፍተኛ ኃይል የሚያበራና የሚያጠፋ መሆኑን ያሳያል፤ ባለ ትልቅ ጀርባው ቴሌቪዥን ውስጥ የነበረው ያ ነው። የአሜሪካው አጭር ነው፦ 1ኤን ዳዮድ፣ 2ኤን ትራንዚስተር።

ቦርዱ ላይ ልጥፍ ያሉት ሩዝ አከል ዕቃዎች ጋ ስንደርስ ሙሉ ስም መጻፊያ ቦታ ጨርሶ የለም። ፋብሪካው ሁለት ወይም ሦስት ፊደል የያዘ ምልክት ይሰጣቸዋል። ኤም7 የሚለው ጠፍጣፋ ዳዮድ 1ኤን4007 ነው፤ 1000 ቮልት፣ 1 አምፔር የሚችለው የታወቀው ዳዮድ። ጄ3ዋይ የሚለው ባለሦስት እግር ኤስ8050 ትራንዚስተር ነው። እነዚህን ስትፈልጉ ምልክቱን ብቻ ሳይሆን «ኤስኤምዲ ኮድ» የሚለውን ቃልና የእግሩን ብዛት ጨምሩ። አንድን ምልክት የተለያዩ ፋብሪካዎች ለተለያየ ዕቃ ስለሚሰጡት ሁለት ሦስት መልስ ይመጣላችኋል፤ ከነዚያ ውስጥ የሚመርጥላችሁ ቦርዱ ነው።

ጽሑፉ ሲዋሽ፣ ወይም ሲጠፋ

ፎርጂድ ጫማ እንዳለ ሁሉ ፎርጂድ አይሲ አለ። አንዱ መንገድ ርካሹን ወይም ከአሮጌ ቦርድ የተነቀለውን አይሲ ፍቆ፣ ጥቁር ቀብቶ፣ የውድ አይሲ ስም መጻፍ ነው። የጥፍር ቀለም ማጥፊያ ውስጥ ያለው አሴቶን እዚህ ይረዳል፤ ጥጥ ነክራችሁ ጀርባውን ስታሹት ጥጡ ጥቁር ከሆነ፣ በኋላ የተቀባ ነገር አለ ማለት ነው። የጀርባውን ልስላሴ ከጎኑ ጋር አስተያዩ፤ በአንድ አቅጣጫ የሄደ የብርጭቆ ወረቀት ጭረት ካለ ወይም የእግር 1 ጎድጓዳ በግማሽ ከተደፈነ ጠርጥሩ።

የፎርጂድ ነገር ዓለምን ያነጋገረበት ጊዜም ነበር። ኤፍቲዲአይ የተባለው የስኮትላንድ ኩባንያ ኮምፒውተርን ከሌላ ዕቃ ጋር በዩኤስቢ የሚያገናኝ ኤፍቲ 232 የሚባል አይሲ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው ሶፍትዌር በዊንዶውስ ዝማኔ በኩል ገብቶ አስመስለው የተሠሩትን አይሲዎች መለያ ቁጥር ወደ ዜሮ ቀየረው። ዕቃቸው ውስጥ ፎርጂድ መኖሩን የማያውቁ ሰዎች ኮምፒውተሩ አላውቀውም ሲላቸው አደሩ። ጩኸቱ ሲበዛ ሶፍትዌሩ ተነሣ። የኤፍቲዲአይ ስም በጀርባው መጻፉ ብቻውን ማስረጃ እንዳልሆነ ያን ጊዜ ብዙ ሰው ተማረ።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ዕቃውን የሠራው ፋብሪካ ራሱ ሥራው እንዳይቀዳ ብሎ ጽሑፉን ይፍቀዋል። ካልኩሌተርና መጫወቻ ውስጥም ጽሑፍ የለም፤ አይሲው በጥቁር ሙጫ ተሸፍኖ ቦርዱ ላይ ተጣብቋል። እዚህ ጋ ሰው ተስፋ ይቆርጣል። ለእኔ ግን ጨዋታው የሚጀምረው እዚህ ነው።

ቦርዱን መጠየቅ

ጽሑፉ የተፋቀ ባለስምንት እግር አይሲ የሶላር መብራት ውስጥ አገኘን እንበል። ባትሪው ይውጣ፣ ፓኔሉ ይነቀል፣ ቴስተሩ ድምፅ በሚሰጥበት ላይ ይሁን። አንዱን ዘንግ የባትሪው ነጋቲቭ ላይ አድርጉና በሌላው እግሮቹን አንድ በአንድ ንኩ። እግር 3 ጮኸ፤ ግራውንድ ነው። አሁን ዘንጉን የባትሪው ፖዘቲቭ ላይ አድርጉ፤ እግር 5 ጮኸ። ከቻርጀር መሰኪያው ፖዘቲቭ ጋር ደግሞ እግር 4 ይጮኻል። እንግዲህ ኃይል ከመሰኪያው ወደ ባትሪው የሚያልፈው በዚህ አይሲ ውስጥ ነው፤ ቻርጅ አይሲ ነው ብለን ጠረጠርን።

እግር 6 እና 7 ወዴት ይሄዳሉ? ወደ ሁለት ትናንሽ አምፖሎች፤ አንዷ እየሞላ ሳለ የምትበራ ቀይ፣ አንዷ ሲጨርስ የምትበራ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ። ከእግር 2 ወደ ግራውንድ አንዲት ሪዚስተር ወርዳለች፣ ጀርባዋ ላይ 122 ይላል። የሪዚስተር ንባብ፦ 12፣ ከኋላው ሁለት ዜሮ፤ 1200 ኦም። የቲፒ 4056 ዳታሺት እግር 3 ግራውንድ፣ 4 መግቢያ፣ 5 ባትሪ፣ 6 እና 7 የአምፖሎቹ፣ 2 ደግሞ የሚሞላበትን መጠን የምትወስነዋ ሪዚስተር የምትገባበት ነው ይላል። 1200ን በሪዚስተሯ ስናካፍል 1 አምፔር ይመጣል፤ የአይሲው የመጨረሻ አቅሙ ነው። ስድስት እግር ተስማማ። ጀርባው ላይ አንድም ፊደል ሳናነብ ስሙን አገኘን!

ለምን እንደተቃጠለም ቦርዱ ይጠቁማል። ይህ አይሲ መግቢያው ላይ ከ8 ቮልት በላይ አይችልም። ባለ 12 ቮልት የሚባለው የሶላር ፓኔል ምንም ሳይሸከም በጠራራ ፀሐይ ወደ 20 ቮልት ያወጣል። «ፓኔል ፓኔል ነው» ብሎ ትልቁን የሰካ ሰው ከአይሲው አቅም ሁለት እጥፍ በላይ ሰጥቶታል። አዲስ አይሲ ቀይራችሁ ያንኑ ፓኔል ብትመልሱበት ያው ነው፤ ለደንበኛው ይህን መንገር የጥገናው አካል ነው።

ጎረቤቶቹም ይናገራሉ። ባትሪው አጠገብ ባለስድስት እግር ሚጢጢ አይሲና ባለስምንት እግር ጠፍጣፋ አይሲ ጎን ለጎን ካሉ ብዙ ጊዜ ዲደብሊው 01 እና 8205 ናቸው፤ ባትሪው ከልክ በላይ እንዳይሞላ፣ እንዳያልቅና ሾርት እንዳይሆን ይጠብቃሉ። ከማይታወቀው አይሲ ጎን የሚያብረቀርቅ ብረት ክሪስታል ካለ ቁጥሩን አንብቡ። 32.768 ኪሎ ኸርዝ ከሆነ ሰዓት የሚቆጥር ነገር አለ፤ 32,768 ሁለትን አሥራ አምስት ጊዜ ማባዛት ስለሆነ በግማሽ በግማሽ ሲከፋፈል ልክ አንድ ሴኮንድ ላይ ይደርሳል። ከዩኤስቢ መሰኪያ አጠገብ 12 ሜጋ ኸርዝ ካለ እንደ ሲኤች 340 ያለ የዩኤስቢ አገናኝ ጠርጥሩ። ዕቃው አንቴና ያለው ከሆነ ደግሞ ቅርፊቱ ላይ ኤፍሲሲ አይዲ የሚል ቁጥር ፈልጉ፤ የአሜሪካው የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በዚያ ቁጥር ካስቀመጠው ሰነድ ውስጥ ብዙ ጊዜ የቦርዱ የውስጥ ፎቶ አለ። የእናንተው አይሲ የተፋቀ ቢሆን እንኳ ፎቶው ላይ ያለው ሊነበብ ይችላል።

አንድ ጥንቃቄ። እስካሁን የነካነው በባትሪ የሚሠራ ነው። የቴሌቪዥንና የዲኮደር ፓወር ክፍል ሌላ ነው፤ ከግድግዳ የመጣው 220 ወይም 240 ቮልት ወደ ቀጥታ ሲቀየር ከ300 ቮልት በላይ ሆኖ ትልቁ ካፓሲተር ውስጥ ይቀመጣል፣ ከተነቀለም በኋላ ይቆያል። በቴስተር ለክታችሁ ባዶ መሆኑን ሳታረጋግጡ ዘንግም ጣትም አታስጠጉ።

ሲያዝዙ እንዲህ

አይሲውን ከመንቀላችሁ በፊት ቦርዱን ሙሉውን፣ ከዚያ አይሲውን ቀረብ አድርጋችሁ ፎቶ አንሱ፤ የእግር 1 ነጥብ በየት በኩል እንደነበረች ከተነቀለ በኋላ የሚነግራችሁ ፎቶው ብቻ ነው። ቀጥላችሁ መነሻ ፊደሉን፣ ቁጥሩን፣ የኋላ ፊደሉን፣ የእግሩን ብዛትና ከየትኛው ዕቃ እንደወጣ ጻፉ። ልደቱንና የፋብሪካውን ረጅም የውስጥ ቁጥር ለሻጩ አትላኩ፤ እነሱ ናቸው ሰውን የሚያምታቱት። ሉቱሊ ወይም መርካቶ ደውላችሁ «4056 አለህ?» ካላችሁ የመጣው ይመጣል። «ቲፒ 4056፣ ባለስምንት እግር፣ ሆዱ ላይ ብረት ያለው፣ የሊትየም ባትሪ ቻርጅ» ካላችሁ ግን ሻጩ የሚያወጣው መሳቢያ አንድ ብቻ ነው። ሲደርሳችሁ ደግሞ ከመበየዳችሁ በፊት ጠመኔና አሴቶኑን ይዛችሁ አዲሱንም እንደ አሮጌው መርምሩት።